ለባባ ፒፓ የሚሆን ላይተር

ኸሊፋ ሲቲ፣ አቡ ዳቢ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዘመዴ ለጋሼ ኑረዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ሱቅዎ ገበያ የበዛበት፣ ኮምቦልቻ ያሉት ልጆችዎም በሰላም ያደሩ ይሁኑ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። የሐይቋ የሀሊሜ ልጅ ዘሂራ ነኝ፤ አያቴና የእርስዎ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ወደዚህ አገር ስመጣ እናቴ ስልክዎን ጽፋ ሰጥታኝ ነበር፤ አንድም ቀን ሳልደውል ቀረሁ። ዛሬ ሲቸግረኝ ዘመድ አለኝ ማለቴ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ከባዳ ዘመድ ይሻላል ብዬ ጻፍኩ።

አሁንም የማልደውለው በኩራት አይደለም። አሠሪያችን ማዳም ስልካችንን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች። ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ትሰጠንና አጠገባችን ትቀመጣለች፤ የላክነውን ድምፅ በሌላ ስልክ አስተርጉማ ትሰማዋለች። ወረቀት ግን አትፈትሽም። አል ዓይን ካለው እርሻቸው በየሳምንቱ ዓርብ ወተትና ቴምር የሚያመጣው ሾፌር ቃሲም የአገራችን ልጅ ነው። እዚያው አል ዓይን፣ አል ጂሚ ሰፈር የትምባሆና የላይተር ሱቅ ውስጥ እንደሚሠሩ የነገረኝም እሱ ነው።

የምጠይቅዎት ነገር እንግዳ ነውና አይሳቁብኝ። ላይተር ይምረጡልኝ።

የማስታምማቸው ሰው የማዳም አባት ናቸው፤ ባባ ነው የምንላቸው። ካፊሌም እሳቸው ናቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ በስማቸው ነው። ዓምና ደም ራሳቸው ውስጥ ፈስሶ ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ። እጃቸው ሞተ እንጂ ልባቸው ትምባሆውን አልረሳም። መድዋኽ የምትባለውን ጣት የምታህል ፒፓ ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማዳም ከልክላለች። ከአስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ቁርኣን ልታስቀራ ስትወጣ ግን ባባ በግራ እጃቸው ቀሚሴን ይዘው «ዘሂራ» ይሉኛል። በዚህ ቤት በስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው የሚጠራኝ በጭብጨባ ነው።

ባለፈው ሰኞ በዚያ በረጅሙ የምድጃ መለኮሻ ልለኩስላቸው ስል ነበልባሉ ተወርውሮ ጢማቸውን ጠበሰው። ሽታው እስኪጠፋ ሦስቴ ሽቶ ረጨሁ። ማዳም «ምንድን ነው የሸተተው?» ብትለኝ ዶሮ ለብልቤ ነው አልኳት። ባባ ሳቁ። እኔ ግን ያን መለኮሻ ደግሜ መንካት ፈራሁ።

እምቢ በያቸው እንዳይሉኝ። የልጄ የሰቢሃ ኒካሕ ከረመዳን ቀጥሎ በሸዋል ወር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አላየኋትም። ማዳምን ፈቃድ ብጠይቃት «ኸላስ፣ ካንቺ ሌላ አባቴን የሚያነሳ የለም» ብላ ዘጋችብኝ። ባባ ግን «እስከ ረመዳን ትምባሆዬን ለኩሺልኝ፣ እኔ ፈርሜ እሰድሻለሁ፣ ልጅሽን ትድሪያለሽ» ብለው ቁርኣን ላይ እጃቸውን አኑረዋል። ሌላ መንገድ የለኝም።

ፊት የማይጠብስ ላይተር መርጠው፣ አያያዙንም ጽፈው በቃሲም ይላኩልኝ። ስለ ማጨስ የማውቀው የለምና ከሀ ጀምረው ይንገሩኝ። ለአገር ቤት ሰው ግን አይንገሩብኝ።

ዘመድዎ ዘሂራ


አል ጂሚ፣ አል ዓይን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘሂራ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ። አላህ እጅሽን ከእሳት፣ ምላስሽንም ዶሮ ለበለብኩ ከማለት ይጠብቅልሽ። የሀሊሜን ልጅ እንዴት እረሳለሁ? በሰርጌ ቀን ድቤ የመታችልኝ ናት።

ጢም ጠበስሽ! እኔና ቃሲም እዚህ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ደግ አደረግሽ የጻፍሽልኝ። አሥራ አራት ዓመት ላይተር ሸጫለሁ፤ ራሴ አንድም ቀን አጭሼ አላውቅም። ሥጋ የማይበላ ሥጋ ሻጭ በይኝ። ስለ እሳት ግን እኔን ጠይቂ።

መጀመሪያ የማይሆንሽን ልንገርሽ። እዚህ ጎረምሶቹ የሚወዱት፣ እንደ በያጅ እሳት ሰማያዊ ሆኖ የሚያፏጭ ላይተር አለ። ንፋስ አያጠፋውም፣ ፈጣንም ነው። ግን የፒፓውን አፍ ያሳርራል፤ ትምባሆውንም ከላይ አክስሎ ከታች ጥሬውን ይተወዋል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ ስለማይታይ ጫፉ የት እንደሆነ የምታውቂው ሲያቃጥልሽ ነው። ክዳኑ ቀጭ የሚለው፣ በቤንዚን የሚሠራው የብረት ላይተርም አለ። ያማረ ነው፤ ሽታው ግን ትምባሆው ውስጥ ይገባል። ጥጡ ከመጠን በላይ ከጠጣ ደግሞ ነዳጁ እጅ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ላይተር ማብራት ራስን መለኮስ ነው።

የላክሁልሽ በጋዝ የሚሠራ፣ ለስላሳ ቢጫ ነበልባል ያለው፣ ለፒፓ ተብሎ የተሠራ ነው። እሳቱ የሚወጣው ወደ ጎን ስለሆነ አውራ ጣትሽን አይልስም። ከመለኮስሽ በፊት ሻሽሽን ወደ ኋላ እሰሪ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ከሰው ፊት አርቀሽ አብሪና ቁመቱን እዪ። ከጥፍርሽ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ከሥሩ ያለችውን ጥርስ ወደ መቀነሻው ምልክት አዙሪያት። ከዚያ ነበልባሉን ትምባሆው ላይ አትጫኚው፣ ከላዩ ከፍ አድርገሽ ያዢው። የሚያጨሰው ሰው ሲስብ ትንፋሹ ራሱ እሳቱን ጎትቶ ያወርደዋል። አትቸኩዪ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁለት ሦስቴ ከሳቡ በኋላ ፍሙን ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አራግፊው። የወረቀት ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥዪው!

ጋዝ ሲያልቅ በረንዳ ወጥተሽ ሙዪ፤ ምድጃ ባለበት አይሁን። የቀረውን ጋዝ አፉን በቀጭን ነገር ተጭነሽ አስወጪ፣ ላይተሩን ገልብጠሽ ሙዪ። ወዲያው አታብሪው፤ ሱረቱል ሙልክን ቀርተሽ እስክትጨርሺ ይቆይ። ፀሐይ ላይ አትተዪው፣ ልጆቹም አያግኙት። ቃሲምንም የመኪናው መስታወት ሥር እንዳያስቀምጠው በአላህ ስም አስምዬዋለሁ።

ከመድዋኹ ትምባሆ ከዱኻውም ቀላሉን አብሬ ልኬያለሁ። ሽማግሌዎች ጠንካራውን አምጪ ይሉሻል፤ አልቋል በያቸው። የጎደለ ነገር ካለ ጻፊልኝ። የእሳት ሐኪምሽ አድርገሽ ቁጠሪኝ። አብሽሪ፣ ሰቢሃን ትድሪያለሽ።

ኑረዲን


ኸሊፋ ሲቲ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኑረዲን፣

የአላህ ሰላም ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ጋር ይሁን። ላይተሩ ደርሶኛል፤ እጅዎ ይባረክ። እንዳስተማሩኝ ሻሼን ወደ ኋላ አስሬ፣ ቁመቱን ለክቼ ነው የምለኩሰው። ባባ «አሁን ሰው ሆንሽ» አሉኝ።

ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ። የባባ አፍ ግማሹ ስለማይታዘዝላቸው ስበው ማቀጣጠል አይችሉም። የመጀመሪያውን እኔ ስቤ፣ ሲያያዝ ከንፈራቸው ላይ አኖረዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ዓለም ዞረችብኝና የአልጋውን ብረት ይዤ መሬት ቁጭ አልኩ። ቀስ በቀስ ለመድኩት። አሁን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ ቆሜ ለራሴም እለኩሳለሁ። ራሴን የሚያዞረኝ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያች ደቂቃ ስለ ሰቢሃ አላስብም። የሀሊሜ ልጅ ፒፓ ጀመረች ብለው እንዳይንቁኝ። እኔ ራሴን ንቄዋለሁ፣ ይበቃል።

ሌላው ደግሞ ግራ የገባኝ ነገር ነው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ላይተሩ ጸባዩ ተለውጧል። ጓሮ ለራሴ ሳበራው ጥፍር ታክላለች። ባባ አጠገብ ሳበራው ግን ነጣ ብላ ትዘላለች። ትምባሆውም ፍሙ ቦግ ብሎ በአንድ ስበት አመድ ይሆናል። ተበላሽቶ ይሆን? ክፍሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፣ ሐኪም ቤት ከሰጣቸው የትንፋሽ ማሽን በቀር። ደረታቸው ስለደከመ ቀንም ሌሊትም ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ነው። ስለኩስ እጄን እያደናቀፈ አስቸግሮኛል። ምን ላድርገው?

ስለ ሰቢሃ የሰሙት ወሬ ካለ ይጻፉልኝ። ዓርብ ማዳም ስልኩን አልሰጠችንም።

ዘሂራ


አል ጂሚ
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘሂራ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አላህ በዕድሜሽ በረካ ያውርድ። ቃሲምን ሁለቴ ባዶ እጁን የሰደድኩት ረስቼሽ አይደለም፤ ሱቁ ሰው በዝቶበት ቀና ማለት አቅቶኝ ነው።

አንቺ ሴትዮ! አያታችን ጋያ ስታንቆረቁር ያየሽ ይመስል ፒፓ ጀመርኩ ትዪኛለሽ? ተይ፣ ቶሎ ተይው። የሚሸጠው ሰው ሳይጀምረው ለኳሿ ጀመረችው! ለእናትሽ አልነግርም፤ አንቺ ግን ከሰቢሃ ኒካሕ በፊት ካልተውሽው እኔና አንቺ አንተዋወቅም።

ላይተሩ አልተበላሸም፤ ጋዙ ሙሉ ሲሆን እንዲህ ይዘላል። ጥርሷን ትንሽ ቀንሺያት። ስለ ቱቦው ብዙ አትጨነቂ፣ አየር ነው። ስትለኩሺ አውልቀሽ ጎናቸው ብርድ ልብሱ ላይ አኑሪው፤ ሲጨርሱ መልሰሽ ታደርጊላቸዋለሽ። ማሽኑን ግን አታጥፊው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሲጠፉ ይጮሃሉ ይባላል፣ ጉድሽ ይወጣል።

አገር ቤት ደውዬ ነበር። ሰቢሃ ደህና ናት። «እናቴ ካልመጣች ኒካሕ አላስርም» ብላ ሽማግሌዎቹን አስቸግራለች አሉ። ግትርነቷ ያንቺ ነው።

ኑረዲን


ኸሊፋ ሲቲ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኑረዲን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ልጆችዎን አላህ በክብር ያሳድግልዎ። የሰቢሃን ወሬ አንብቤ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው። ባባም ወንዱን ልጃቸውን ጠርተው «ለዘሂራ ከረመዳን በኋላ ትኬት ቁረጥላት» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማዳም ፊቷ ጠቆረ፤ ለአባቷ ግን እምቢ አላለችም።

እንዳሉኝ ቱቦውን እያወለቅሁ ብርድ ልብሱ ላይ አኖራለሁ። ማሽኑንም አላጠፋሁም። ትናንት ግን ላይተሩን ሳበራ በብርድ ልብሱ ጸጉር ላይ ሰማያዊ ነገር እንደ አይጥ ሮጦ ጠፋ። በእጄ ደበደብኩት። ጨርቁ አልተቃጠለም፤ የክንዴ ጸጉር ግን ረግፏል። ባባ አላዩም። እኔ ፈራሁ፣ ጋሼ። እንዲህ ያለ እሳት አይቼ አላውቅም።

ይህ ምንድን ነው? ልተወው? ብተወው ባባ ይቆጡኛል፣ ቃላቸውንም ያጥፉብኛል ብዬ እሰጋለሁ። አሁን ትምባሆው አልቋል ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ፣ እስከ ኅዳር ሃያ፣ ውሸቴ ይቆይልኛል። የዚያን ቀን በቃሲም እጅ ወረቀትዎን እጠብቃለሁ። ካልመጣ ግን ጋሼ ዝም ያሉት ክፉ ነገር ስለሌለው ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ዘሂራ


አል ጂሚ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሂራ፣

ሰላምታውን አላህ ይሙላበት፤ ዛሬ ወግ የለኝም። ይህን እንዳነበብሽ ላይተሩን ለሌላ ሰው ስጪው። እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት አታብሪ። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ቢሆንም ቢወልቅም፣ ማሽኑ ቢጠፋም እንኳ አታብሪ!

አሕመዲን የሚባል የደሴ ልጅ አለ፤ ሙሳፋህ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። እሑድ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ሱቅ ቁጭ ብለን የጻፍሽልኝን እንደ ጨዋታ ነገርኩት። አልሳቀም። «ቱቦውን ብርድ ልብስ ላይ አኑሪው ያላት ማን ነው?» አለኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የነካውን ሁሉ ግን ጭድ ያደርገዋል። እኛ ጋ አንድ ልጅ ሙቀት ቢያቃጥለው የኦክስጅኑን ጎማ ቱታው ውስጥ ሰዶ ራሱን አቀዘቀዘ። ቆይቶ ውጭ ወጣና ሲጋራ ለኮሰ። ልብሱ ጠጥቶት ኖሮ እንደ ወረቀት ነደደ።» ብርድ ልብሱም፣ ትራሱም፣ የባባ ጢምም እንዲሁ ይጠጣል። ቅባት ደግሞ ይብስበታል፤ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ትቀቢያቸው ይሆናል። ላይተሩ ሲዘልብሽ የነበረው ለዚህ ነው። አልተበላሸም ብዬሽ ነበር፣ እሱስ እውነት ነው። የተበላሸው የኔ ምክር ነው።

ለማዳም ንገሪያት። ከኔ ነው የገዛሁት በያት። ባባም ቢቆጡ ይቆጡ።

ኅዳር 18። ቁጥርሽን ከእናትሽ ተቀብዬ ደወልኩ። ማዳምሽ አነሳችው። «አሎ? ሚን?» አለች። ዘጋሁት። ትምባሆ የምልክላቸው ሰውዬ ነኝ ልበላት?

ኅዳር 20፣ ዓርብ። ቃሲም አልመጣም። ብደውልለት ለብሔራዊ በዓሉ ጌቶቹ በረሃ ሊሰፍሩ ሄደው ድንኳን እየተከለላቸው ነው። የሚመለሰው በሚመጣው ሳምንት ነው። ዛሬ ወረቀቴን ትጠብቂያለሽ።

ኅዳር 22። ዛሬ በአውቶቡስ ልመጣ ተነስቼ ነበር። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። መናኸሪያ ደርሼ፣ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። የሱቁ ባለቤት ወንድም ደውሎ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው ሲለኝ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር በደስታ ነው የተመለስኩት። እዚያ በር ላይ ቆሜ ማን ነህ ስባል የምለው አልነበረኝም። ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 23። በዓል ነው፤ ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ነገ በጠዋት።

ኅዳር 25። ቃሲም ተመልሷል። ዓርብ ያደርስልሻል። አልሐምዱሊላህ።

ኑረዲን


ኸሊፋ ሲቲ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ኑረዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለሁላችንም ጽናት ይስጠን። የምጽፍልዎ ረሺዳ እባላለሁ፤ የዚሁ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። ዘሂራ እስክሪብቶ መያዝ አትችልም።

ደብዳቤዎ ኅዳር 27 ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ባባ የተቃጠሉት ኅዳር 24 ማክሰኞ ነው።

ቤቱ ባዶ ነበር፤ ጌቶቹ በረሃ ናቸው፣ ስልካችን ተቆልፎብናል። ዓርብ ወረቀትዎን ስንጠብቅ ውለን ነበር፤ እኔም በር በሩን እያየሁላት ነበር። ሳይመጣ ሲቀር «ጋሼ ዝም ካሉ ደህና ነው ማለት ነው» አለችና ከቅዳሜ ጀምራ መለኮስ ቀጠለች። ማክሰኞም ከአስር በኋላ ቱቦውን አውልቃ እንደ ወትሮው ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው። እኔ ወጥ ቤት ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ አልጋው ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ እሳት ሆኗል። ዘሂራ አልሸሸችም። ባባን በብብታቸው ይዛ ከአልጋው ጎትታ አውርዳ ኮሪደር ላይ በምንጣፍ ስትጠቀልላቸው ነው ያገኘኋት። ጎረቤት ጠርቼ አምቡላንስ መጣ። ባባ በሦስተኛው ቀን አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። የዘሂራ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ፣ ፊቷም በግራ በኩል ተቃጥሏል። የሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ የፖሊስ ሴት ተቀምጣለች። እንደ ዘመድ ሆኜ እንድጠይቃት የባባ ወንድ ልጅ ነው ያስፈቀደልኝ።

ማዳም «ፈቃድ ስለከለከልኳት በቂም አባቴን አቃጠለችው» ብላ ከሳለች። ዘሂራ ለመርማሪዋ ላይተሩን ከማላውቀው የመንገድ ሻጭ ገዛሁት፣ ማንም አልመከረኝም ብላ ቃሏን ሰጠች። የእርስዎን ስም አልጠራችም። እኔንም ደብዳቤዎቹን ቅደጃቸው አለችኝ።

አልቀደድኳቸውም። ሦስቱም የሩዝ ጣሳ ውስጥ ናቸው። ይህን የምጽፍልዎ እሷ ሳታውቅ ነው። ሁለተኛው ላይ «አውልቀሽ ብርድ ልብሱ ላይ አኑሪው፣ ማሽኑን አታጥፊው» የሚል አለ። መርማሪዋ ይህን ብታነብ ዘሂራ ሆን ብላ እንዳላደረገችው ታውቃለች። ወረቀቶቹ የእርስዎ ስለሆኑ ሳልጠይቅዎ መስጠት ከበደኝ። ልስጣቸው ወይስ ልቅደዳቸው? ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ረሺዳ


አል ጂሚ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ረሺዳ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ባባን በጀነት ያኑራቸው፣ ለዘሂራም ሺፋውን ያውርድላት። ወረቀትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ብዙ አሰብኩበት። ዘሂራ ሚስኪን ናት፣ ሴት ናት፤ እጇንም አጥታለች፣ ያያት ሁሉ ያዝንላታል። እሷን ይምሯታል። እኔን ግን ለታመመ ሰው ትምባሆ በድብቅ የላከ ነው ብለው ወህኒ ይከቱኛል። አምስት ልጆች ኮምቦልቻ እጄን ያያሉ። ሁለታችንም ብንታሰር ለሀሊሜ ማን ይደርስላታል? እኔ ውጭ ከሆንኩ ሰቢሃን እንደ አባት ሆኜ እድራታለሁ። ይህን ለዘሂራ ንገሪያት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቅደጃቸው። ጣሳው ውስጥ አታቆዪያቸው፣ ዛሬውኑ ይቀደዱ። እኔም የሷን እቀድዳቸዋለሁ።

የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው የሌላ ሰው ቃል መሰለኝ። ቢሆንም ልኬዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ኑረዲን


ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሆስፒታል፣ በረሺዳ እጅ የተጻፈ

ለጋሼ ኑረዲን፣

የአላህ ሰላም ለእርስዎም ለእኔም ይሁን። ረሺዳ ደብዳቤዎን ደብቃኝ ነበር፤ ፊቷ ክፉ ሆኖ ሳያት አስገድጄ አስነበብኳት። «ይምሯታል» የሚለው ጋ ስትደርስ ድገሚልኝ አልኳት። ሁለቴ ሰማሁት።

ስምዎን የደበቅሁት ማንም ለምኖኝ አይደለም፤ ዘመድ ስለሆኑ ነው። ጋሼ ያላወቁትን ነው የመከሩኝ፣ ሲያውቁ ደግሞ ሊደርሱልኝ ሞክረው መንገድ አጥተው ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛውን ደብዳቤዎን ረሺዳ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያለውን ስታነብልኝ እንኳ ሰው ይፈራል ብዬ ተውኩልዎ። እኔም ፈሪ ነኝ። ማዳምን ብፈራ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ልጄን በእኔ ቦታ እድራታለሁ ሲሉኝ ግን ልቤ ተዘጋ።

ደብዳቤዎቹ አልተቀደዱም። ዛሬ ጠዋት ረሺዳ አራቱንም፣ ቅደጃቸው ያሉበትን ጨምራ፣ ለመርማሪዋ ሰጥታለች። አስተርጓሚው አንድ በአንድ አንብቦላታል። እኔም የመጀመሪያው ቃሌ ውሸት እንደነበር ተናግሬያለሁ።

እርስዎን ለመበቀል አይደለም። ባባን ያቃጠለው ላይተር የነበረው በእኔ እጅ ነው፤ ይህን አልክድም፣ ፍርዴንም እቀበላለሁ። ሰቢሃን ግን እናትሽ በስሟ የሚጠራትን ሽማግሌ በቂም አልጋው ላይ አቃጠለችው ሲሏት ዝም ብዬ ልተዋት አልችልም። የሙሽራው ቤተሰብ ይህን ሰምቶ የሚያደርገውን እርስዎም ያውቃሉ። ኒካሕዋ ላይ አልገኝም። ይህን ፊት ይዤ ብገኝም እሷን ማስደንገጥ ነው። ባልገኝም ቀና ብላ ትቀመጥ።

የእኔን ደብዳቤዎች ካልቀደዷቸው ይዘዋቸው ይሂዱ፤ እርስዎንም ይጠቅሙዎታል። ግራ ገብቶኝ እንደጠየቅሁዎ፣ ተማክረንም ክፉ እንዳላሰብን እዚያው ላይ አለ። ማክሰኞ ይጠሩዎታል ብለውኛል። ሲጠሩዎት ይምጡ።

ዘሂራ ቢንት ሀሊሜ